የአንድ ሜትር ሐዲድ

በ1890 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ የበረሃ ሐዲድ አለቀ። ፐርሲ ዢሩዋር የሚባል የሠላሳ ዓመት ካናዳዊ፣ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ፣ ሱዳን ውስጥ ከዋዲ ሃልፋ ተነስቶ የኑቢያን በረሃ እያቋረጠ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ዘርግቶ አቡ ሃመድ ገባ። የፈጀበት አሥር ወር ነው። በዚያው ሰሞን ከእኛ በስተምሥራቅ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ፣ የዳግማዊ ምኒልክን ፈቃድ የያዘ ኩባንያ ሌላ ሐዲድ ጀመረ። ይኸኛው መንገድ ከሱዳኑ ያጥራል፤ እስከ ድሬዳዋ 310 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሆኖም ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመት አለፈው ማለት ነው።

ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሰው የሱዳኑን ጉብዝና፣ የጅቡቲውን ስንፍና ይለዋል። እኔ ለጅቡቲው እፈርዳለሁ። ዢሩዋር ጎበዝ እንደነበር አልክድም፤ ግን የጦር በጀት ነበረው፣ የሚያዝዘው ጉልበት ነበረው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገር መሬት ነበረው። የኑቢያ በረሃ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ የሚሻገሩት ወንዝ፣ የሚዘሉት ገደል የለበትም። ያስጨነቀው ውሃ ብቻ ነበር፤ እሱም በመንገዱ ላይ ሁለት ቦታ ጉድጓድ ሲቆፈር ተገኘለት። ከዚያ በኋላ ሥራው የፍጥነት ጉዳይ ሆነ። እጅ የሚፈተንበት ሥራ ያለው ጅቡቲ ነው።

ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚወጣው መሬት እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ የተከመረበት ነው። ከባሕር ዳርቻው ጀምሮ ሸንተረሩ እየተደራረበ ይነሳል፤ በየመካከሉ በዓመት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ውሃ የሚያልፍባቸው ደረቅ ወንዞች መሬቱን በጥልቅ ሰንጥቀውታል። ባቡሩ ከባሕር ጠለል ተነስቶ አሊ ሳቢህ ሲደርስ 700 ሜትር ገደማ ወጥቷል፤ የሄደው ግን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ እስከ ድሬዳዋ ባለው 220 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚቀረው ሽቅብ 500 ሜትር ብቻ ነው። የሥራው ክብደት ሁሉ በመግቢያው ላይ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ከጅቡቲ እስከ ደወሌ ያለው ክፍል ከጠቅላላው ርቀት ሲሶ ሲሆን የጊዜውን ግማሽ ገደማ የበላውም ለዚህ ነው። ኩባንያው ገና አንድ ፉርጎ ጭነት ሳያጓጉዝ፣ ገና ምንም ገቢ ሳይኖር፣ የመንገዱን ክፉ ክፍል መጀመሪያ መጨረስ ነበረበት።

ሰባት መቶ ሜትር በዘጠና ኪሎ ሜትር መውጣት ለበቅሎ ቀላል ነው፤ ለባቡር አይደለም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ በጣም ትንሽ ነው፤ የባቡር ጥቅም ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። በሜዳ ላይ አንድ ቶን ጭነት ለመጎተት አራት ወይም አምስት ኪሎ የሚያህል ጉልበት ይበቃል። መንገዱ በሺህ ሜትር 25 ሜትር ብቻ ሽቅብ ሲል ግን በዚያው ቶን ላይ ሌላ 25 ኪሎ ይጨመርበታል። በሜዳ ላይ ሠላሳ ፉርጎ የሚጎትት ባቡር እዚያ ሽቅብ ላይ አምስት ፉርጎ ይዞ ያቃስታል። የእግረኛ ዐይን ያላስተዋለው ዳገት ለባቡር ግድግዳ ነው። ስለዚህ የቀያሹ ሙያ ዳገቱን በቀጭኑ ከፋፍሎ ማደል ነው፤ ሸንተረሩን ሽቅብ አይገጥመውም፣ ጎኑን ይዞ ይዞራል፤ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ በሌላው ወገን ይወጣል። ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ ወደፊት የቀረበው ግማሽ ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። የቀረውን ያዋለው ቁመት ለመግዛት ነው።

ልኬቱ የሚከናወነው በቴዎዶላይትና በውሃ ልክ ነው። ውሃ ልኩ ከርቀት የቆመውን ባለቁጥር እንጨት እያነበበ ከፍታውን ይሰጣል። የበረሃ ቀትር ግን ለቀያሽ ጠላት ነው፤ ከጋለው ድንጋይ የሚነሳው አየር እየተርገበገበ ባለቁጥሩን እንጨት በመነጽሩ ውስጥ ያስደንሰዋል፤ የሚታየው ቁጥር ሁለት ሦስት ሆኖ ይዋልላል። ሥራው ለማለዳና ለሠርክ ይቀራል። እዚያ እንጨት ላይ የተሳሳተች አንዲት ጣት የምታህል ልዩነት ኋላ ላይ በሺህ የሚቆጠር አካፋ አፈር ሆና ትመጣለች፤ ድልድሉ ከታሰበው ከፍ ይላል፣ ወይም ቆርጦ ማለፊያው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ይጠልቃል።

ሐዲዱ ለምን አንድ ሜትር ስፋት ብቻ እንዲኖረው እንደተደረገ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓ አብዛኞቹ ትልልቅ መስመሮች 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። የእኛው በትክክል 1,000 ነው። ብዙ ሰው ይህን የድህነት ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ ድህነትም አለበት፣ ኩባንያው ገንዘብ አጥቶ ሲንገላታ የኖረ ነው። ነገር ግን ጠባብ ሐዲድ በጠባብ ኩርባ ይዞራል፤ በጠባብ ኩርባ የሚዞር መስመር ደግሞ የድንጋዩን ጎን እየታከከ ይሄዳል እንጂ አይሰነጥቀውም። ቆርጦ ማለፊያው ጠባብ ይሆናል፣ ድልድሉ ጠባብ ይሆናል፣ ባቡሩ ቀላል ስለሚሆን ድልድዩም ይቀላል። ያቺ 43 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ስትቀነስ እያንዳንዱ ነገር ከሥሯ ያንሳል። ባሩድና ዲጂኖ ይዞ ባዛልት ለሚፈልጥ ሰው ይህ ትልቅ ምሕረት ነው።

ኩርባ ራሱ ሲሠራ አይተው የሚያውቁ ብዙ አይደሉም፤ ሐዲዱን አጣሞ ማስቀመጥ ብቻ ይመስላቸዋል። የውጪው ሐዲድ ከውስጠኛው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ባቡሩ ሲዞር ወደ ውጪ እንዳይገፋ። ከፍታው ከባቡሩ ፍጥነትና ከኩርባው ጥበት ጋር መመጣጠን አለበት። ደግሞም በድንገት አይጀምርም፤ ከቀጥታው ወደ ኩርባው ሲገባ ውጪኛው ሐዲድ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ሲወጣም ቀስ እያለ ይወርዳል። ይህ በደንብ የተሠራ እንደሆነ ተሳፋሪው የሚሰማው ነገር የለም፤ ሻዩ ብርጭቆው ውስጥ ትንሽ ይዘነብልና ይመለሳል። ያልተሠራ እንደሆነ ግን ጎማው ሐዲዱን እየፋቀ ይጮኻል፤ ሁለቱም ይበላሉ።

ከጅቡቲ ወጥቶ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተሄደ የሸበሌ ድልድይ አለ። ስሙ ያሳስታል እንጂ ከዋቢ ሸበሌ ጋር አይገናኝም። ከዚያ አለፍ ብሎ፣ 52ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሆልሆል ይመጣል። እንደ እኔ ከሆነ በዚህ መስመር ላይ ዐይን አይቶ የማይጠግበው ሥራ ሆልሆል ነው። ሸለቆው 30 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው፤ ድልድዩ 138 ሜትር ያህል ይረዝማል። የብረት ሥራ ነው። ግንበኛ ድንጋይ ጠርቦ ቅስት ሊያቆም ይችል ነበር፤ ግን ለዚያ ኖራ ያስፈልጋል፣ ለኖራው ውሃ ያስፈልጋል፣ ቅስቱ እስኪደርቅ ከሥር የሚደግፈው የእንጨት ደን ያስፈልጋል። ሦስቱም እዚያ እንደ ልብ አይገኙም። ብረት ግን ደርቆ የሚመጣ ግንብ ነው።

የዚህን ዓይነት ድልድይ አሠራር ላስተዋለ ሰው ውበቱ ባዶው ላይ ነው። ከሩቅ ሲታይ ሸማኔ የዘረጋው ድር ይመስላል፤ ከብረቱ ይልቅ በብረቶቹ መካከል ያለው ሰማይ ይበዛል። እያንዳንዱ አግድም፣ እያንዳንዱ ሰያፍ ብረት ሥራ አለው፤ አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይጎትታል። ሥራ የሌለው ብረት ክብደት ብቻ ነው፤ ክብደቱም ሌላውን ብረት ያደክማል። ንድፍ አውጪው የትኛው የትኛውን እንደሚሸከም በወረቀት ላይ አስልቶ የማያስፈልገውን ሁሉ ያወጣዋል። ባዛልቱ ሲከብድ፣ ሙቀቱ ሲከብድ፣ እሱ ቀሎ በላያቸው ያልፋል። ወደ ሐዲድ ሥራ ከሚስቡኝ ነገሮች ሁሉ አብልጦ የሚማርከኝ ይህ ስስት ነው።

ብረቱ የመጣው ከአውሮፓ በመርከብ ነው፤ በአካባቢው የብረት ፋብሪካ አልነበረም። ቁርጥራጩ ፋብሪካው ውስጥ ተለክቶ፣ ቀዳዳው ተበስቶ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይራገፋል፤ ከዚያ እስከ ሸለቆው አፍ ድረስ የሚያደርሰው ያው አዲሱ ሐዲድ ነው። እዚያ አንዱ ብረት ከሌላው ጋር ሲገጣጠም ቀዳዳ ከቀዳዳ ልክክ ማለት አለበት። የሚታሰረውም በሪቬት ነው። አንዱ ሠራተኛ ሪቬቱን በከሰል እሳት እስኪቀላ አግሎ በጉጠት ይወረውራል፤ ሌላው ተቀብሎ ቀዳዳው ውስጥ ይከትታል፤ ሦስተኛው ከጀርባ ደግፎ ሲይዝ አራተኛው ፊት ለፊት በመዶሻ መትቶ ራስ ያወጣለታል። ሪቬቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ሁለቱን ብረቶች በማይላቀቅ ኃይል ያጣብቃቸዋል። እንግዲህ ይህን ጥላ በሌለበት፣ ከ30 ሜትር ገደል አፋፍ፣ ሙቀቱ ራሱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፣ ምድጃ አቅፎ መሥራት ነው። አንድ ቁርጥራጭ ከጠመመ ወይም ወደ ሸለቆው ከወደቀ ምትኩ የሚገኘው ባሕር ማዶ ነው።

ሙቀት ሌላም ጣጣ አለው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 138 ሜትር ብረት በሌሊት ብርድና በቀን ሐሩር መካከል 40 ዲግሪ ልዩነት ቢያይ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይለጠጣል። ሁለቱንም ጫፍ አጥብቆ ያሰረ ሰው ድልድዩን ራሱን በራሱ እንዲሰብር ፈርዶበታል። ለዚህ ነው በእንዲህ ያሉ ድልድዮች ላይ አንዱ ወገን ሲታሰር ሌላው እንዲንሸራተት የሚተወው።

ይኸው ሕግ በሐዲዱም ላይ ይሠራል። እዚህ ላይ የተራው ሠራተኛ ጥበብ ይታያል። አንድ አሥር ሜትር የሚሆን ሐዲድ በዚያው 40 ዲግሪ ልዩነት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በሁለት ሐዲዶች ጫፍ መካከል ያን ያህል ክፍተት ሊተው ይገባል። ሆኖም ስንት? ማለዳ ሐዲዱ ገና ቀዝቃዛ ሳለ የሚዘረጋ ሰው ሰፋ ያለ ክፍተት ይተዋል፣ ሐዲዱ ገና ስለሚያድግ። ቀትር ላይ ብረቱ እጅ በማያስነካበት ሰዓት የሚዘረጋው ግን ጫፍና ጫፉን ሊያነካካው ምንም አይቀረውም፤ ሐዲዱ ጣራው ላይ ደርሷልና። የማለዳውን ክፍተት ቀትር ላይ የተወ እንደሆነ ሌሊት ሲቀዘቅዝ መጋጠሚያው ይፈለቀቅና ጎማው በየአሥር ሜትሩ ይደበድበዋል። የቀትሩን ማለዳ ላይ ያደረገ እንደሆነ ደግሞ ሐዲዱ ሲረዝም መሄጃ ያጣና እንደ ቀስት ጠሞ ከመስመሩ ይወጣል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ስስ የብረት ቁራጭ አስገብቶ፣ ብሎኑን አጥብቆ፣ ቁራጩን ስቦ ማውጣት ነው ሥራው። በቀን መቶ ጊዜ። የትኛው ሰዓት የትኛው ቁራጭ እንደሚገባ ማወቅ ሙያ ይጠይቃል፤ ዲፕሎማ ግን አይሰጥበትም። የድሮ ባቡር ‘ቀጭ ቀጭ’ የሚለው ድምፅ የዚህ ክፍተት ድምፅ ነው፤ እኩል ሆኖ ከተሰማ እኩል እጅ ሠርቶታል።

ከሐዲዱ ሥር የሚጋደሙትም ብረት ናቸው። በሌላ አገር እንጨት ነው የሚጋደመው። እዚህ እንጨት ቢጋደም ምስጥ ይበላዋል፤ ምስጥ ያልደረሰበትን ድርቀቱ ይሰነጥቀዋል፤ ሁለቱም ከማሩት ማገዶ ባጣ አገር የሚነድ ነገር ሜዳ ላይ ትቶ መሄድ ነው። የብረቱ አቀራረጽ ሲያዩት ቀላል ነው፤ የተገለበጠ ገንዳ ማለት ነው፣ ጀርባው ወደ ሐዲዱ፣ ሆዱ ወደ መሬት። ሆዱ ውስጥ ኮረት ይጠቀጠቅበታል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ታች ታጥፈው ጠጠሩን ይነክሳሉ። ባቡሩ በኩርባ ሲገፋው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው ያ ንክሻ ነው። ክብደቱ ሁለት ሰው አንስቶት የሚሄድ ያህል ነው። ሐዲዱም ቀላል ነበር፤ ቆይቶ ከባድ ባቡር ሲመጣ በወፍራሙ እየተተካ ሄደ። ለመጀመሪያው ዝርጋታ ግን ቅለቱ ትክክል ነበር፤ ማንሻ መኪና በሌለበት ቦታ ሐዲድ የሚነሳው በትከሻ ነው።

የበረሃ ሐዲድ ሥራ እንግዳ ነገሩ ራሱን እየመገበ መሄዱ ነው። ሥራው የደረሰበት ጫፍ ላይ የሚያስፈልገው ሁሉ የሚመጣው ትናንት በተዘረጋው ሐዲድ ነው፤ ሐዲዱ፣ የሚጋደመው ብረት፣ ብሎኑ፣ ዱቄቱ፣ ሩዙ፣ ውሃው። በተለይ ውሃው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ የተጫነ እያንዳንዱ ቶን ውሃ ያልተጫነ አንድ ቶን ሐዲድ ነው። የእንፋሎት ባቡሩ ራሱም ይጠጣል፤ ለሠራተኛ ውሃ ሲያመላልስ ካመጣው ላይ ለራሱ ይቀንሳል። ጫፉ እየራቀ በሄደ ቁጥር የባቡሩ ድርሻ ይጨምራል፣ የሰዉ ያንሳል። ከዚህ ላይ ደግሞ የበረሃ ጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው፤ ሲፈላ ጨውና ኖራው በማፍያው ግድግዳ ላይ ይጋገርና እሳቱን ከውሃው ይለየዋል። ማፍያው በየጊዜው ካልተፋቀ ከሰሉ ይባክናል፣ ብረቱ ይቃጠላል። የእንፋሎት ባቡሮቹ እስከተተኩበት ዘመን ድረስ የዚህ መስመር መካኒኮች ግማሽ ዕድሜያቸው ያለቀው ከዚያ ቅርፊት ጋር ሲታገሉ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በውሃ እጦት እንዲህ የሚያንገላታ አገር ሐዲዱን የሚያጠፋው ግን በውሃ ነው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ፣ ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ደራሽ ጎርፍ ምን እንደሆነ ለድሬዳዋ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ቀያሹ ይህን ጎርፍ ላያየው ይችላል። የሥራው ዘመን ሁሉ ደረቅ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ያለፈውን ጎርፍ ከመሬቱ ላይ ያነባል፤ ከወንዙ አልጋ በላይ ግንዱ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣር፣ በዳርቻው የተደረደረ ለስላሳ ድንጋይ፣ የትልቁ ድንጋይ መጠን። በሬ የሚያህል ድንጋይ ወንዙ መሃል ካለ እሱን ያመጣው ውሃ ተመልሶ ይመጣል።

ትልልቆቹን ድልድዮች ሁሉም ያያል፣ ፎቶ ያነሳል። እኔ ባቡር በማይቆምበት ቦታ ከድልድሉ ሥር ያሉትን ትንንሽ የውሃ ማሳለፊያዎች አብልጬ እወዳለሁ። ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍባቸው የድንጋይ ጉሮሮዎች ናቸው። በመግቢያው ግራና ቀኝ እንደ ተዘረጋ ክንድ የሚከፈቱት ግንቦች ውሃውን ሰብስበው ወደ አፉ ያስገቡታል። በመውጫው በኩል ደግሞ መሬቱ በድንጋይ ተነጥፏል። ይህ ንጣፍ ለማያውቅ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ውሃ ከጠባብ አፍ ሲወጣ ይፈጥናል፤ የፈጠነ ውሃ መሬቱን ይቆፍራል፤ ጉድጓዱ ወደ ኋላ እየበላ መጥቶ መሠረቱን ባዶ ያስቀረዋል። ብዙ ግንብ የሚወድቀው ከፊት በተገፋው ኃይል ሳይሆን ከኋላ በተቆፈረበት ጉድጓድ ነው። ንጣፉን የነጠፈ ግንበኛ ይህን ያውቃል። ጥቁር ባዛልት ደግሞ ለመጥረብ ክፉ ድንጋይ ነው፤ መሮውን ይበላል፣ ያላሰቡበት ቦታ ይሰነጠቃል። ፊቱ ተስተካክሎ፣ ጥጉ በቱንቢ ቆሞ፣ መጋጠሚያው ቢላዋ የማያስገባ ሆኖ ሲገኝ፣ ጠራቢው ማንም እንደማያየው እያወቀ እንዲህ መድከሙ ያስገርመኛል።

የእነዚያ ጠራቢዎች ስም የለንም። የስምምነቱ ስሞች አሉ፤ በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ የ99 ዓመት ፈቃድ የሰጡት ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ፣ ሸሪኩ ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ። ትከሻው ግን የሶማሌው፣ የዐረቡ፣ የሐበሻው ነው፤ ምድጃውና ውሃ ልኩ አጠገብ ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ፈረንሳይ ነበር። መሬቱ ደግሞ የኢሳዎች ነው። በግመል ጭነት የሚኖሩ ሰዎች የግመልን ሥራ የሚወስድ ነገር በግጦሻቸው ላይ ሲዘረጋ ዝም አላሉም፤ የሥራ ሰፈሮቹን አጠቁ፣ ሰው ሞተ። የሥራን ጥራት የሚያደንቅ ጸሐፊ ይህን ዘሎ የሄደ እንደሆነ ሚዛኑ ይጎድላል። ምኒልክም ቢሆኑ በመጨረሻ አልተደሰቱም፤ በ1894 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት በገንዘብ ድጋፍ ስም ኩባንያው ውስጥ እጁን ሲያስገባ ቅር ተሰኙ፣ የድሬዳዋው ምርቃት ላይም ሳይገኙ ቀሩ።

ድሬዳዋ የሚለውን ስም በመጀመሪያው ስምምነት ላይ አናገኘውም። ስምምነቱ የሚለው ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ነጭ ዓባይ ነው። ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከሜዳው ወደ እሷ ለመውጣት መጀመሪያ ከእሷም የሚበልጠውን ተራራ መሻገር ያስፈልጋል። ከላይ ያልነውን የቶንና የዳገት ሒሳብ አስታውሱ። መሐንዲሶቹ ተራራውን አይተው ተመለሱ፤ መስመሩ ግርጌውን ይዞ በ1,200 ሜትር ላይ እንዲሄድ ወሰኑ፤ ጣቢያውንም ‘አዲስ ሐረር’ አሉት። ለሐረር ሰዎች መራራ ውሳኔ ነበር። በሥራ ዐይን ሲታይ ግን ከሆልሆል ድልድይ የሚበልጥ ሙያ ያለበት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን፣ ንጉሠ ነገሥት የፈቀደውን፣ ገንዘብ አውጪው የጠበቀውን ከተማ መሬቱ እንቢ ሲል መተው። አንድ ጊዜ ወደ ሐረር ሽቅብ ቢገጥሙ ኖሮ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ እያንዳንዱ ፉርጎ ለዘለዓለም ያን ዳገት እየከፈለ ይኖር ነበር።

ቀጣዩን ባጭሩ ልለፈው፤ ከበረሃው ወጥተናል። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ በ1900 ዓ.ም. የምኒልክ ሐኪም የነበሩት የጓደሉፑ ተወላጅ ዶክተር ቪታልየን አዲስ ውል ወሰዱ፤ ሐዲዱ የአዋሽን ገደል ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ድሬዳዋ ላይ የቆመው ወርክሾፕ ደግሞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መስመሩ ስለማይጠብቅ እዚያው ብረት አቅልጠው፣ ቀርጸው፣ አስልተው ይሠሩት ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የቻይና ኩባንያዎች የሠሩት አዲሱ መስመር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ከሥሩ የሚጋደመው ኮንክሪት ነው። ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አሮጌው የዞረውን ሸንተረር ይቆርጠዋል፣ አሮጌው የወረደበትን ሸለቆ በረጅም ድልድይ ያልፈዋል፤ የሚያስቆፍረው ማሽን ነውና ይችላል። በፍጥነትና በጭነት አሮጌው አይወዳደረውም። እንዲያም ሆኖ የጣቢያዎቹን ስም ከጅቡቲ ጀምሮ ቢያነቡ፣ ሆልሆል፣ አሊ ሳቢህ፣ ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ድሬዳዋ ይላል። ሳተላይት ይዞ የመጣው ቀያሽ ሐረርን እንደገና በሩቁ አልፏት ሄዷል። በቦታ ምርጫ የተለያዩት አንድ ነገር ላይ ነው። አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው፤ ከባቡር የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ በባጃጅ ይደራደራል። የአሮጌው መስመር ተሳፋሪ ከፉርጎው ሲወርድ ከተማው ውስጥ፣ ከዚራ ሰፈር መሃል ነበር።